አልወርድ ያለው ወተት

ዓርብ ጠዋት በታክሲ ከቁስቋም ወደ ፒያሳ ስወርድ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«አባትሽ እንዴት ሰነበቱ?»

«አንደበታቸው እንደተያዘ ነው። መዋጥ ስለማይችሉ ወተቱንም መድኃኒቱንም በአፍንጫቸው በገባው ቱቦ እሰጣቸዋለሁ።»

«ይወርድላቸዋል?»

«ሌላ ቀን ሸጋ ነው። ረቡዕና ዓርብ ግን መድኃኒቱ እየወረደ ወተቱ አልወርድ ይላል።»

«ቱቦው ተደፍኖ ይሆናል።»

«ነርሷ መጥታ አይታዋለች፤ ምንም የለበትም።»

«ምነው፣ የንስሐ አባታቸው ከጾም ፈትተዋቸው የለ?»

«ፈትተዋቸዋል። እሳቸው ናቸው እንቢ ያሉ።»

«ተኝተው ቀኑን በምን ያውቁታል? አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ?»

«የለም። ባለፈው ሰኞም ወተቱ ቆመብኝ። ለካ ጾመ ነነዌ ገብቷል፤ ቤት ያለነው ሁላችንም ረስተነው ኖሯል።»

አፌ ውስጥ የያዝኩትን የወተት ብስኩት ሳልውጠው ፒያሳ ደረስኩ።