የአባቴ ጥለት

ባለፈው ቅዳሜ በምነዳው ታክሲ አቮንዴል እስቴትስ ከሚባል ሰፈር አንድ ነጭ ሽማግሌ ፒክ አደረግኩ። የስኮትላንዳውያንን በዓል ሊያከብሩ እየሄዱ ስለነበር፣ እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ ቀሚስ የመሰለ ባለ መስመር ልብስ ለብሰዋል። በመስታወቱ ሳያቸው ያዙኝ። "ሳቅ፣ አትፈር! ታርታን ይባላል። ይቺ ቀይ መስመር የኛ ቤት ምልክት ናት። ድሮ አያቶቻችን ይህን ልብስ እንዳይለብሱ በሕግ ተከልክለው ነበር" አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ "እርግጥ መስመሩን ለየቤተሰቡ ያከፋፈሉት ኋላ የመጡ ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው ይባላል። ይባል! አባቴ ለብሶታል፣ ይበቃኛል። የናንተ ቤትስ ምልክት ምን ዓይነት ነው?" አሉ።

"የለንም" አልኳቸው።

አለን። አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። ከጥለቱ ጫፍ ሁልጊዜ አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መስመር ያስገባል፤ ገበያተኛው ሥራውን የሚለየው በእሷ ነው። ትምህርት ቤት ግን "የሸማኔ ልጅ" ማለት ስድብ ስለነበር፣ እኔ አባቴ ሹፌር ነው ብዬ አውርቼ ነበር። አንድ ቀን አዲስ ጋቢ ይዞልኝ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ጓደኞቼ "ማነው?" ሲሉኝ "የሰፈራችን ሰው ነው" አልኩ። ሰምቶኛል። ጋቢውን አቀበለኝና "እንካ፣ አባትህ ነው የላከልህ" ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ሳንነጋገር ሞተ።

ሽማግሌው ሊወርዱ ሲሉ እውነቱን ልነግራቸው ፈለግኩ። "አለን" ብዬ ዞር ስል በሩን ዘግተው ሄደዋል።