የምኞት ጭራ

የሳጥኑን ክዳን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና... አካም ጅርታ፣ ለሊሴ? ትናንት ስትመጪ በደንብ አላወራንም። የባኮ ሙቀት እንዴት ያዘሽ? በቆሎው ደረሰ? ቁጭ በይ እንጂ።

ምኞትሽን አሁን አየኋት። ያቺ ከሩቅ ደሴት የመጣች እንሽላሊትሽ ሙዟን ጨርሳ፣ የሳጥኗ መስታወት ላይ ተለጥፋ፣ ዓይኗን በምላሷ ትወለውላለች። ምላስ ለጽዳትም ይሆናል ለካ! እኔ በዚህ ግቢ ለሌላ ሥራ ሲውል ብቻ ስለማየው...

የጎረቤት መስኮት ክፍት ነው እንዴ? ይሁን፣ ስለ ማንም አላወራም።

ለሥልጠና ባኮ ስትሄጂ ቁልፍሽን ለእኔና ለአንድ የማከብራቸው ሰው ትተሽ አልነበር? እሳቸውን ሳላመሰግን ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። አንቺ «ቅጠሉ ላይ ንጹሕ ውሃ ርጩላት፣ ጠብታውን ትልሳለች» ብለሻል። እሳቸው ግን እንግዳ ተራ ውሃ አይጠጣም አሉ። አምቦ ውሃ! በአምቦ ከተማ ለእንግዳ ሌላ ምን ይቀርባል? ጠርሙሱ ሲከፈት «ሽሽ» ቢል ምኞት ሸሽታ የሳጥኗ ጣሪያ ላይ ተለጠፈች። ደስ ብሏት ነው አሉኝ። ሰው ሲሸሻቸውም እንደዚያ ነው የሚመስላቸው... የዋህ ናቸው። ውሃው ሲደርቅ መስታወቱ ነጭ በነጭ ሆነ፤ ስፈትገው ነው የሰነበትኩት።

ቀን ቀን የምትሞቅበትን መብራትስ? ዓይኗን ያማታል ብለው ያጠፉላታል። እኔ አበራለሁ፣ እሳቸው ያጠፋሉ። የሚበራ ነገር አይተው ዝም ብለው ማለፍ አይሆንላቸውም፤ ለእንስሳ ብቻ እንዳይመስልሽ። በብርዱ አረንጓዴ ቆዳዋ ጠቁሮ ቡናማ ስትሆን ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «አገሩን ለመደች፣ መልኳ እንደኛ ሆነ።» ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ቆዳዋ ስስ ስለሆነ በእጅ አትነካም ማለትሽን ነግሬያቸዋለሁ። ገረማቸው። ሰው ሁሉ በራሱ ቆዳ አይደል የሚገምተው? በመዳፋቸው ይዘው ለቲክቶክ ሊቀረጹ ፈለጉና ክዳኑን አንሺልኝ አሉ። አነሣሁ። ስልኩንም የያዝኩት እኔው ነኝ። ጨበጥ ሲያደርጓት... እሷ አመለጠች፣ ጭራዋ ቀረ። ብቻውን መዳፋቸው ላይ ይጨፍራል! እሳቸው ጥለውት ወንበር ላይ ወጡ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ስቄ አላውቅም።

ከዚያ ግቢው ሁሉ «ጭራዋን የቆረጠችው የለሊሴ ድመት ናት» ሲባል ሰማ። እንዴት ያለ ብልህነት ነው! በዚህ ግቢ ተነሥቶ «እኔ አይደለሁም» ማለት የማይችል ከድመትሽ ሌላ ማን አለ? አንቺም ትናንት በመጥረጊያ ስትመቻት ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ለጊንጪ ሰው ልትሰጫት ነው ሲሉኝ ዝምታው አልሆነልኝም። አትስጫት፣ ለሊሴ። ምንም አላደረገችም።

ጭራው ይበቅላል፣ እንደ ድሮው ባይሆንም።

ለእሳቸው ክፉ አልመኝም፣ ኧረ በፍጹም። ዋቃ ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። አርጅተው ብርድ ልብሳቸውን እንኳ ራሳቸው መሳብ ሲያቅታቸው፣ ልክ እንደ እሳቸው ያለ ርኅሩኅ አስታማሚ ይዘዝላቸው።

እኔን ግን ከዚህ ምርቃት አውጪኝ። ክዳኑን ከፍቼ ስቄአለሁ። ይቅር በይኝ።