የበርበሬ በረንዳ ለቅሶ

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። ቅዳሜ ጠዋት አስር ጓደኛሞች ከአብነት ተነስተን እስከ እንጦጦ ጫካ በእግር ልንሄድ ወጣን። በርበሬ በረንዳን ስናቋርጥ የበርበሬው ብናኝ አነቀን፤ አፋችንን ይዘን፣ እንባችን እየወረደ አለፍን። ይሄኔ አንዲት እናት ሱቃቸውን ቆልፈው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከተሉን። «እግዜር ያጥናችሁ» ሲሉኝ አፌ ላይ የመጣልኝ «አሜን» ነው።

ዳገቱ ስር ደርሰን ዞር ብል፣ ሌሎች አራት ነጋዴዎችም አንገታቸውን ደፍተው ይከተሉናል። ግራ ገባኝና «እትዬ፣ ማን ሞቶ ነው?» አልኳቸው። ሴትዮዋ ቆመው አፈጠጡብኝ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ከፊት እያለቀስክ የመራኸን አንተ አይደለህም እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። እኔ ያልሰማሁት መርዶ ይኖር ይሆን ብዬ፣ ጓደኞቼን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመርኩ።