ሚስት የለውም የሚል ወረቀት

እንዴት ዋልሽ ሀጀራዬ? ልጆቹ ደህና? አልሃምዱሊላህ። እኔም ደህና ነኝ። አቧራው ብቻ ነው ያስቸገረኝ፤ ጣሊያን ወልቂጤ ከገባ ወዲህ ካሚዮኑ ባለፈ ቁጥር በርበሬዬን አፈር ያለብስልኛል። ነይ፣ ጥላው ስር ቁጭ በይ። ገበያው ገና ነው።

ምነው ወደዚያ ታያለሽ? ጨው የሚገዛውን ሰውዬ ነው? ተይው፣ ጀርባውን ሰጥቶናል። ደግሞ እኔ ስለ እሱ ምን አወራለሁ? እኔ የማወራልሽ ስለ ሌላ ሰው ነው... የወንድሜን ልጅ ወይንሸትን ስላጫት ትልቅ ሰው።

ትልቅ ነዋ! ለጣሊያን ሹም አስተርጓሚ መሆን ቀላል ነው? በዚያ ላይ ሕግ አክባሪ። ሌላው ወንድ ሽማግሌ ይልካል፣ ይደግሳል፣ ያገባል። እሱ ግን «እትዬ አሰፋሽ፣ አዲስ ሕግ ወጥቷል። ሚስት እንደሌለኝ የሚመሰክር፣ ማኅተምና ፊርማ ያለበት ወረቀት ሳልይዝ አላገባም» አለኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ያለ ወረቀት ሲጋባ እኛ ብቻ ሕግ አክብረን ቁጭ! ስንጠይቀው «ማኅተሙ አዲስ አበባ ሄዷል» ይለናል። ቆይተን ስንጠይቀው ደግሞ ቀለሙ አልቋል። ልጅቷ እሱን ስትጠብቅ ስንት ደህና ደህና ጠያቂ መለሰች... እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ባል ከየት ይገኛል?

ወንድሜ ሀብተወልድ ግን፣ ታውቂው የለም? ችኩል ነው። «በል አብረን እንሂድ፤ ማኅተሙን እኔም ልየው» ብሎ ክንዱን ይዞ ሹሙ ዘንድ ገባ። ሹሙም «የሚያውቅህ ምስክር ያስፈልጋል» አለና፣ ደጅ ከተኮለኮለው ሰው መሀል አንድ የጉንችሬ ሰው አስጠራ። የአገሩ ልጅ ነው ብሎ እኮ ነው! የገባው ማን ይመስልሻል? የሚስቱ ወንድም። የዚያች... የሌለችው ሚስቱ።

ሹሙ በጣሊያንኛ «ይህ ሰው ሚስት አለው?» ብሎ ጠየቀ። የኛ ሊቅ ወደ ጉራግኛ ሲመልሰው «እኔ ጥሩ ሰው ነኝ ወይ?» ሆነ። ይህን ኋላ ምስክሩ ራሱ ነው የነገረን። ምስኪን፣ አማቹን ሊያመሰግን፣ «እንዴታ! ለእህቴ ሦስት ሴቶች ልጆች የሰጣት ማን ሆነና?» ብሎ ሦስት ጣቱን ቀሰረ። ወንድሜ ጉራግኛ አይሰማ፤ ሹሙም አይሰማ። ግን ሹሙ ጣት መቁጠር ያውቅ የለ?

«ሦስት ምን?» አለ።

አስቢው ሀጀራ፣ ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይወድቅ ነበር። እሱ ግን ዐይኑን እንኳ ሳያሽ «ሦስት ፍየሎች አሉት ነው የሚለው» አለ። የአብራኩን ክፋዮች! ይህን የመሰለ ትርጉም የት ይማሩታል?... ውይ፣ ሰውዬው ጨውን ደፋው እንዴ? አይዞህ በይው። ሙቀቱ ይሆናል።

ሹሙ ፍየል ሲባል ምራቁን ዋጠ። ወደ ምስክሩ ዞሮ ሦስት ጣት አሳየውና በእጁ «ወዲህ አምጣቸው» አለው። የእጅ ምልክት ደግሞ አስተርጓሚ አይፈልግ! ሰውዬው እጅ ነስቶ ወጣ።

በሚቀጥለው ገበያ ወረቀቱ ይሰጣል ተብለን እኔና ወይንሸት ነጭ ለብሰን ሄድን። ሹሙ ገመድና አራጅ አዘጋጅቶ ደጁ ላይ ይጠብቃል። ያ የጉንችሬ ሰው ከች አለ፤ እህቱን ከነሦስት ልጆቿ አስከትሎ። ልጆቹ ታጥበዋል፣ ቅቤ ተቀብተዋል! ትንሿ ሮጣ «አባ!» ብላ የትልቁን ሰው እግር እቅፍ። ያን ቃል ሹሙም ሳይተረጎምለት ገባው። አራጁ ቢላዋውን ከጀርባው ደበቀ። ትልቁ ሰው ልጅቷን ከእግሩ ለማላቀቅ ሲታገል ኮፍያው ወደቀ፤ ሁለተኛዋ አንስታ ደፋችው።

ወይንሸት አለቀሰች ብለሽ ነው? መጀመሪያ ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ ግን ወደ ሴትዮዋ ሄዳ «መንገድ አድክሟችኋል፤ ቤት ግቡ» አለቻቸው። አበላቻቸው፣ አጠጣቻቸው። ሴትዮዋስ ምን አለች መሰለሽ? «እኔንማ ‹ያለ ጣሊያን ወረቀት ወደ ሚስት ቤት መግባት ተከልክሏል› ብሎ ነው የጠፋብኝ!» አንዱን ወረቀት ለሁለት ሴት... ቆጣቢም ነው እኮ! ሁለቱ ተያይተው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ወይንሸት በዚያው ሳቅ ወጣላት። ሴትዮዋም አልተመለሰች፤ እናቷን ጭምር አስመጥታ እዚሁ ከባሏ ጋር ትኖራለች። ምን ጎደለው?

እኔ ቂም የለኝም ሀጀራዬ። ከልቤ ነው የምመርቀው። እድሜ ይስጠው፤ ጤና ይስጠው። ሦስቱ ሴቶች ልጆቹ አድገው ለወግ ለማዕረግ ሲበቁ በዐይኑ ይይ። ለእያንዳንዳቸውም ቁርጥ አባታቸውን የመሰለ ባል ይስጥለት... አሜን በይ እንጂ!