የእትዬ አስካለ ስሞር

እትዬ አስካለ የባሌ ታላቅ እህት ናት። "ወጥ መሥራት አትችልም" ብላ ቸርች ውስጥ ስላወራችብኝ አኩርፌያት ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ በምንኖርበት በኢቶቢኮ ከተማ፣ እሷንም ሌላውንም ዘመድ ጠርተን ጓሯችን እሳት አንድደን፣ ልጆቹ ስሞር ይሠራሉ፤ ማርሽማሎው ጠብሰው ከቸኮሌት ጋር በሁለት ብስኩት መሃል ያደርጋሉ። እሷ ብስኩቱን ናቀችና በአምባሻ ሠርታ "አፍሽን ክፈቺ" አለችኝ። ሰው ፊት ጉርሻ እንዴት እምቢ ይባላል? የቀለጠው ማርሽማሎው ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ ለበለበኝ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

"አያችሁ፣ ተጸጸተች" አለች ለሰዉ። "በቃ፣ ይቅር ብዬሻለሁ።"

ተበዳይ እኔ፣ ይቅር ባይ እሷ። ደሜ ፈላ፤ ግን አፌ ተጣብቋል። እንደምንም ሲላቀቅልኝ ልክ ልኳን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። "አንድ ጉርሻ ያጣላል" ብላ ሁለተኛውን ከተተችልኝ።