ስለ እንጨቱ ንጉሥ የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ዓለምእሸት ምስጋኑ
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ ሻይ ቤት
አድራሻ፦ ወሎ ክፍለ ሀገር፣ ላስታ አውራጃ፣ ላሊበላ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሐሙስ መጋቢት 14 ቀን 1970 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ስሜ ከላይ የተጠቀሰው እኔ፣ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ቀርቤ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

መምህር ተክለ ሚካኤል ውቤ የሂሳብ አስተማሪ ሲሆን፣ ከሻይ ቤቴ ጀርባ ያለውን ክፍል ተከራይቶ ከባለቤቱ ከወለተ ሐና ጋር ሦስት ዓመት ኖሯል። በሻይ ቤቴ የሚጫወትባቸውን የቼዝ ጠጠሮች ከወይራ እንጨት የጠረበው ራሱ ነው። ቅዳሜ መጋቢት 9 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ የቀበሌው ጥበቃ ኃላፊ ጓድ ዘውገ አረጋ ገብተው ጨዋታውን እንዲያስተምራቸው ስለጠየቁት ይጫወቱ ጀመር። እኔ ብርጭቆ እያጠብኩ በሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበርኩ።

ጓድ ዘውገ ንጉሣቸውን አንስተው የመምህሩን ወታደር ሊበሉ ሲሉ መምህሩ "አይቻልም" አላቸው። "ንጉሥ ወደፈለገው ጎን ይሄዳል፤ ግን አንድ ቤት ብቻ ነው። አጠገቡ ያገኘውንም ይበላል። ይህን ወታደር ግን ፈረሴ ይጠብቀዋል፤ ንጉሥ ደግሞ ወደሚበላበት ቤት አይገባም" ሲል አስረዳቸው። ጓድ ዘውገ ጠጠሩን በእጃቸው እንደያዙ "ታዲያ ንጉሡን ማነው የሚበላው?" አሉት። መምህሩም እየሳቀ "ማንም አይበላውም። ተከብቦ መውጫ ሲያጣ ጨዋታው ያልቃል እንጂ ንጉሥ አይገደልም" አለ።

ጓድ ዘውገ ጠጠሩን አስቀመጡ። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ "ድገመው" አሉት። መምህሩ ሳቁን አቆመ፤ አልደገመውም። ወደ እኔ ዞረው "ሰምተሻል አይደል?" ሲሉኝ "ሰምቻለሁ" አልኩ። ሻያቸውን ሳይቸኩሉ ጨርሰው ወጡ። መምህሩ "እትዬ ዓለምእሸት፣ ስለ ጨዋታው መሆኑን ይነግሩልኛል አይደል?" አለኝ። "እንዴታ" አልኩት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት የታጠቁ ሰዎች መጥተው ወሰዱት።

በማግስቱ ቀበሌ ተጠርቼ "ንጉሥ አይገደልም ሲል ሰምተሻል?" ተብዬ ስጠየቅ "አዎን" አልኩ። ስለ ጨዋታ ይሁን ስለ ሌላ የጠየቀኝ የለም። እኔም ፈራሁና ሳልናገር ወረቀቱ ላይ ጣቴን አሳርፌ ወጣሁ።

ወለተ ሐና በየቀኑ ስንቅ ይዛ ወደ እስር ቤቱ ስትመላለስ ቆይታ፣ ትናንት ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ምግቡ ሳይነካ ከልብሱ ጋር ተመልሶላት መጣች። ምክንያቱን የነገራት ሰው አልነበረም። በራፌ ላይ ቆማ "እትዬ፣ እርስዎ ምን ብለው ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ልብሱን ታቅፋ ወደ ክፍሏ ገባች። ዛሬ የመጣሁት ስለዚህ ነው።

መምህሩ የተናገረው ስለ እንጨቱ ንጉሥ ብቻ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቃሌ ሲነበብልኝ ያልኩት ሁሉ ሳይጎድል መስፈሩን አረጋግጬ አሻራዬን አኑሬበታለሁ። ከመምህሩ ዶሴ ጋር እንዲያያዝልኝ ብጠይቅም፣ ዶሴው ማክሰኞ ዕለት መዘጋቱ ተነግሮኛል።

የምስክር አሻራ፦ (የቀኝ አውራ ጣት)
ቃሉን የተቀበለው፦ አስር አለቃ ሀብተ ሥላሴ አለሜ (ፊርማ)