በራሱ ድምፅ የሞተው

(በቻይና አንዲት የፊልም መቅረጫ ከተማ፣ ጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ፤ መጋረጃ ልትገዛ ከደሴ የመጣችው ነጋዴዋ እታገኘሁ ሻንጣዋን ሳትፈታ ከታናሽ ወንድሟ ከወንድይፍራው ጋር ተፋጥጣለች።)

እታገኘሁ፦ «አልሄድም» ማለትህን ሰምቻለሁ። እኔ የጠየቅኩህ ምክንያቱን ነው።

ወንድይፍራው፦ ሥራ አለብኝ እታጉ። ነገ ቀረጻ ነው። ይልቅ ውሃሽን ጠጪ።

እታገኘሁ፦ ይሄ እኮ ይፋጃል! የእግር መታጠቢያ ነው እንዴ የሰጠኸኝ?

ወንድይፍራው፦ አገሩ ነው። እዚህ ቀዝቃዛ ውሃ የሚጠጣ እብድ ብቻ ነው። ራሴን አመመኝ ስትያቸው ሙቅ ውሃ ጠጪ ይሉሻል። ሆዴን ስትይ፣ ሙቅ ውሃ። ቤቴ ተቃጠለ ብትያቸውም የሚያቀርቡልሽ ሙቅ ውሃ ነው። ሕክምናው በአንድ ማንቆርቆሪያ ያለቀ ሕዝብ!

እታገኘሁ፦ እማዬስ ለራስም ለሆድም ዳማከሴ አልነበር የምትጨምቅልን? ደግሞ የሷን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ወደ ማንቆርቆሪያ አትሽሽብኝ። ጥቁር ለብሳለች ወንዴ።

ወንድይፍራው፦ ነግረሽኛል።

እታገኘሁ፦ እሑድ ተዝካርህን ልታወጣ ነው።

ወንድይፍራው፦ በቁሙ ላለ ሰው ተዝካር! እነዚህ ቢሰሙ ይስቁብናል፤ እነዚህ ራሳቸው፣ ለሞተ ሰው የወረቀት ብር የሚያቃጥሉት! የወረቀት ቤት፣ የወረቀት መኪና ሠርተው እሳት ይለኩሱበታል። ሙት መኪና ይነዳ ይመስል።

እታገኘሁ፦ እኛ ደግሞ ጎረቤት በልቶ ሲያገሳ ለነፍሱ ደረሰለት እንላለን። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ።

ወንድይፍራው፦ ፊልም ነው እኮ እታጉ! የሞትኩት በቻይና ተከታታይ ፊልም ላይ ነው! ፊልም መሆኑን ንገሯት!

እታገኘሁ፦ ያልነገራት የለም። የነፍስ አባቷ ሳይቀሩ መጥተው «ለሚንቀሳቀስ ሰው ፍትሐት አላውቅም» ቢሏት፣ «እርስዎ ቢቀሩ የደጀ ሰላሙ ድሆች ይበቁኛል» አለቻቸው። ሰዎቹ ግን ምን አድርገውህ ነው እንዲህ የምትንቃቸው? ትበላለህ፣ ይከፍሉሃል።

ወንድይፍራው፦ ፊልማቸውን አይተሽዋል አይደል? ሰይፍ በደረቱ ገብቶ በጀርባው የወጣ ሰውዬ ኑዛዜ ይናገራል፣ ሚስቱን ይመክራል፣ ግጥም ይገጥማል። ደሙ ከከንፈሩ ጥግ አንዲት ጠብታ። በሚቀጥለውም ክፍል ገና ሲሞት ታገኚዋለሽ። ሃምሳ ሰው አንዱን ይከበውና አንድ በአንድ ይገጥመዋል፣ ወረፋ ይዞ! ባቡር ጣቢያ ላይ እርስ በርሱ የሚረጋገጥ ሕዝብ ለመገደል ሲሆን ወረፋ ያከብራል። ልጅቷ ስትወድቅ ልጁ ይቀልባታል፣ ከዚያ ሦስት ዙር ይሽከረከራሉ። እኔ በበኩሌ የምወድቀው መሬት ላይ ነው።

እታገኘሁ፦ አየሁህ። ጭቃው ውስጥ።

ወንድይፍራው፦ ንጉሦቹ ሁሉ አንድ ግቢ ነው የሚነግሡት። ጠዋት የአንዱ ዘመን ንጉሥ ይቀመጥበታል፣ ከሰዓት በኋላ ሌላው ይገለበጥበታል። የሚቀየረው ባንዲራው ብቻ ነው።

እታገኘሁ፦ በዚህስ እኛም አንታማም።

ወንድይፍራው፦ አትቀልጂ። ጥቁር ሲፈልጉ ወይ ሐኪማቸውን እያለቀሰ የሚያመሰግን በሽተኛ ነው፣ ወይ የሚገደል። ማመስገኑን እምቢ አልኩ። መሞት ይሻላል ብዬ።

እታገኘሁ፦ የለበስከው የነብር ቆዳስ?

ወንድይፍራው፦ የሩቅ አገር ንጉሥ መልእክተኛ ነኝ እኮ! የነብር ቆዳ ካልለበስኩ ሩቅነቴ አይታያቸውም። ደግሞ ጨርቅ ነው። ሲዘንብ ነጠብጣቡ ይለቃል።

እታገኘሁ፦ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ። እማዬ እኮ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ኢንጂነር ነው፣ ባቡር ይሠራል» ስትል ነው የኖረችው።

ወንድይፍራው፦ ነኝ! ማለቴ… ፊልሙ እግረ መንገዴን ነው። ለመዝናናት።

እታገኘሁ፦ ወንዴ። የነብር ቆዳ ለብሶ ዝናብ የሚመታው ኢንጂነር አላየሁም። ትምህርቱን ተውከው አይደል?

ወንድይፍራው፦ …የማስተማሪያ ቋንቋቸውን አይተሽዋል? ፊደል ሳይሆን የተበተነ ገለባ ነው! አንዱን አውቄ ዞር ስል ሌላው ይጠፋኛል።

እታገኘሁ፦ ተውከው።

ወንድይፍራው፦ ተውኩት! ይኸው ተናገርኩ። አሁን ደስ አለሽ?

እታገኘሁ፦ ደስ አላለኝም። ግን ሰው ትምህርት ስለተወ አይቀበርም።

ወንድይፍራው፦ አልሽ? እዚህ እንኳ አከራዬ ደረጃ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር መንገድ ዘግታ ትመረምረኛለች፤ ደመወዝህ ስንት ነው? ለምን አላገባህም? ለምን ከሳህ? ሐፍረት የሚባል አልፈጠረባትም።

እታገኘሁ፦ ዘይነባ ጎረቤታችን እዚህ ድረስ መጥታለች በለኛ።

ወንድይፍራው፦ ይባስ ብላ በበዓላቸው ቀን በግድ ታስገባኝና፣ በገዛ መብያ እንጨቷ ከሷ ሳህን እያነሳች የኔ ሳህን ላይ ትቆልላለች። በአፏ የገባ እንጨት!

እታገኘሁ፦ ጉርሻ ነዋ! እንጨት ጣልቃ ገባ እንጂ። ሰው አበላህ፣ ጠየቀህ፣ ከሳህ አለህ። የናቅከው ይሄን ነው?

ወንድይፍራው፦ አንቺ ዛሬ መጥተሽ ጠበቃቸው ሆንሽ? ደህና፣ ለዚህም ተሟገቺላቸው። ፊልም ላይ የሞተ ሰው ቀይ ፖስታ ይሰጠዋል። ውስጡ ዝርዝር ሳንቲም ነው። ቤትሽ ሳትገቢ ከረሜላም ቢሆን ገዝተሽ ታጠፊዋለሽ። ለምን ብትይ፣ ሞቱ እንዳይከተልሽ! ኮምፒውተር የሚሠራ ሕዝብ ከሞት ጋር በከረሜላ ይደራደራል።

እታገኘሁ፦ አንተስ? ፖስታህን ምን አደረግከው?

ወንድይፍራው፦ እኔማ ክርስቲያን ነኝ፣ በሟርት አላምንም። ለአስተባባሪው ፊቱ ላይ መለስኩለት። ደንግጦ ጫማዬ ውስጥ ሊከትልኝ ሲታገል ብታዪው! ከጫማዬ አውጥቼ ጣልኩት።

እታገኘሁ፦ በየሞትክበት ሁሉ?

ወንድይፍራው፦ በየሞትኩበት ሁሉ።

እታገኘሁ፦ ወይ ጉድ። አንተን አልከተልም ያለው ሞት ነዋ ደሴ ድረስ የመጣብን።

ወንድይፍራው፦ ጀመረሽ ደግሞ! ባለፈው ሳምንት እኮ በስልክ አውርቻታለሁ። ፊቴን አሳየኋት፣ ሳቅኩላት፣ ምላሴን አወጣሁላት! ከዚህ ወዲያ ምን ላድርግ?

እታገኘሁ፦ ስልኩን ከዘጋህ በኋላ ምን እንዳለች ልንገርህ? «በመስታወት የሞተ ልጅ በመስታወት አይነሳም» አለች። ቴሌቪዥኑም መስታወት፣ ስልኩም መስታወት። በእጄ ካልዳሰስኩት አላምንም አለች።

ወንድይፍራው፦ አብዳለች።

እታገኘሁ፦ አፍህን ያዝ! ጤነኛ ናት። ሁላችንንም ዝም ያሰኘችን በክርክር ነው። «እማዬ፣ ፊልም እኮ ነው፣ እነዚያም ሁሉ ይሞታሉ፣ ማታ ተነስተው ቤታቸው ይገባሉ» አልኳት። ምን ብትመልስልኝ ጥሩ ነው? «እነሱማ ይነሳሉ፤ አፋቸው ሌላ፣ ድምፃቸው ሌላ ነው። የልጄ ግን አፉም ድምፁም የራሱ ነው። በራሱ ድምፅ የሞተ ሰው የእውነት ነው የሞተው።»

ወንድይፍራው፦ የምን የራሱ ድምፅ? ቆይ… በአማርኛ ተተርጉሞ ነው የታየው አላልሽም?

እታገኘሁ፦ ተተርጉሞ ነው። ንጉሡም፣ ንግሥቲቱም፣ ፈረሰኛውም የሸገር ልጅ ድምፅ ተሰጥቷቸዋል። አንተን ግን ምን ብለው ይተርጉሙህ? አማርኛ ነው የምትናገረው!

ወንድይፍራው፦ በስመ አብ!

እታገኘሁ፦ ምነው? ምን ብለህ እንደነበር ረሳኸው?

ወንድይፍራው፦ እታጉ… ዳይሬክተሩ እኮ ነው! «በራስህ ቋንቋ የፈለግከውን በል፣ ማንም አይሰማህም፣ ትርጉሙን እኛ ከታች እንጽፋለን» አለኝ። ንቀቱን አየሽው? የኔ ቋንቋ ለሱ የወፍ ጫጫታ ነው። እኔም ተናደድኩና…

እታገኘሁ፦ ንጉሡ ፊት ተንበርክከህ፣ እጅህን ወደ ሰማይ ዘርግተህ፣ «ይሄ መላጣ ዳይሬክተር ምሳ ሳያበላን በብርድ ሊገድለን ነው» አልክ። ንጉሡም «ቃልህ ልባችንን አስደስቶታል» ብሎ መለሰልህ።

ወንድይፍራው፦ ሰፈሩ ሁሉ ሰማው?

እታገኘሁ፦ ሰፈሩ? የሚኒባስ ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ የሚላት እሷን ሆናለች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ የሱ ራስ ተመለጠ፣ ያንተ አፍ አመለጠ።

ወንድይፍራው፦ በቃ። አበቃ። እዚያ ሰፈር ውስጥ እንዴት እገባለሁ? ኢንጂነሩ ተብሎ የተሸኘ ልጅ፣ ነጠብጣቡ የለቀቀ ነብር ሆኖ! አልሄድም እታጉ። ተዝካሬን ያውጡት። በይልኝ።

እታገኘሁ፦ ሰፈሩ ይሳቅ። ስቆ ሲጨርስ ይርበዋል፣ ሲርበው ይበላል፣ ሲበላ ይረሳል። እኔ ግን ስለ ሳቁ ብዬ እዚህ ድረስ አልመጣሁም። ስለ መጨረሻው ነው።

ወንድይፍራው፦ የምን መጨረሻ?

እታገኘሁ፦ ስትሞት ያልከውን።

ወንድይፍራው፦ ስሞት ምንም አላልኩም። ለጥቁር የኑዛዜ ጊዜ የላቸውም እኮ።

እታገኘሁ፦ ጦሩ ሲመታህ ጭቃው ላይ ወደቅክ። ካሜራው ቀረበህ። ያን ጊዜ ቤታችን በሰው ሞልቶ ነበር፤ ስለ መላጣው ገና እየሳቁ ነበር። አንተ ዓይንህን ጨፈንክና «እማዬ፣ መጣሁ» አልክ።

ወንድይፍራው፦ …አላልኩም።

እታገኘሁ፦ ሳቁ እዚያው ላይ ቆመ። ዘይነባ ናት መጀመሪያ የጮኸችው።

ወንድይፍራው፦ አላልኩም አልኩሽ! ብልም… ትወና ነው። ሰውየው «ሰው ሲሞት የሚለውን በል» አለኝ፣ አልኩለት። የነሱ ፊልም እንደሆነ እንባ ካልፈሰሰበት ፊልም አይመስላቸውም። ኑድላቸውን እየሳቡ የሚያለቅሱ ጉዶች! ርካሽ ልቅሶ፣ ርካሽ ፊልም፣ ርካሽ…

እታገኘሁ፦ ወንዴ።

ወንድይፍራው፦ ምን?

እታገኘሁ፦ ስድቡ ይብቃህ። እውነቱን ንገረኝ።

ወንድይፍራው፦ …ማንም አይሰማኝም ብዬ እኮ ነው እታጉ። ከጠዋት ጀምሮ ጭቃው ውስጥ አስተኝተውኛል። በርዶኛል። ማንም በስሜ አይጠራኝም፤ «ጥቁሩ ወደ ግራ፣ ጥቁሩ ወደ ቀኝ» ነው። በዓለም ላይ አንድ ሰው አይሰማኝም አልኩና… ወጣ። ናፍቃኝ ነበር። ይኸው። ስቀሽ ጨርሺ።

እታገኘሁ፦ አልስቅም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። እሷ ሰማችህ። ጥቁሩን ለብሳ የውጭውን በር ግን አልዘጋችም። «ተዝካሩን እያዘጋጀሽ በሩን ለምን ከፍተሽ ታድሪያለሽ?» ብላት፣ «ምን ላድርግ? መጣሁ ብሎኛል» አለችኝ። እንዲህ ሆና ነው ያለችው ልጅዬ፤ በአንድ እጇ ትቀብርሃለች፣ በአንድ እጇ በር ትይዝልሃለች።

ወንድይፍራው፦ ድግሱ… ተጀምሯል?

እታገኘሁ፦ ጠላው ተጠምቋል። በሬው ግቢ ውስጥ ታስሯል። የምለውጠው የለኝም። እሑድ ወይ መጥተህ ከሰው ጋር ትበላለህ፣ ወይ ሰው ይበላልሃል።

ወንድይፍራው፦ ነገ ቀረጻ አለኝ እኮ። ድልድይ ላይ።

እታገኘሁ፦ ምን ሆነህ?

ወንድይፍራው፦ ያው… ሞቼ።

እታገኘሁ፦ ነገ ስትሞትስ ምን ልትል ነው?

ወንድይፍራው፦ ቆይ፣ ስልኬ ይጠራል።

እታገኘሁ፦ ማነው?

ወንድይፍራው፦ የዳይሬክተሩ ረዳት ነው። ለነገ እንዳልቀር ነው።

እታገኘሁ፦ አንሳዋ።

ወንድይፍራው፦ እኔ አልችልም እታጉ። አንቺ አንሺልኝ።

እታገኘሁ፦ እኔ? ቋንቋቸውን የት አውቄ? ምን ልበለው?

ወንድይፍራው፦ ሞቷል በይው። በአማርኛ። ለነሱ እንደሆነ በራስሽ ቋንቋ የፈለግሽውን ብትናገሪ አንድ ነው።

እታገኘሁ፦ አምጣው። ሃሎ! ጤና ይስጥልኝ። እህቱ ነኝ። ወንድይፍራው ነገ አይመጣም፤ ሞቷል። አዎ፣ ሞቷል! ቀይ ፖስታውን ግን ዛሬውኑ ላኩልን፣ ከረሜላ ገዝተን ለእናቱ እንወስድላታለን።